«እኛ» ካልነው ውስጥ «እኔ» የሠራሁት የትኛው ነው?

የምረቃ ወቅት በተቃረበ ቁጥር የቃለ መጠይቅ ጥያቄና መልስ የያዙ ጽሑፎች ከስልክ ወደ ስልክ ይዘዋወራሉ። «በቡድን የመሥራት ችሎታዎን ያስረዱን» ለሚለው ጥያቄ ከእነዚህ ጽሑፎች የሚጠናው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። አመልካቹ ተግባቢ መሆኑን፣ የሌላውን ሐሳብ ማክበሩን ይናገርና «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ይደመድማል። ተረቱ እውነት ነው፤ ችግሩ ከእርሱ በፊት የገቡትም ይህንኑ ማለታቸው ነው።

ልምድ ያለው ጠያቂ በዚህ አያበቃም። «በቡድን የሠራችሁትን አንድ ሥራ ይንገሩን፤ የእርስዎ ድርሻ ምን ነበር?» ብሎ ይከተላል። ሰው ስለ ራሱ ከሚሰጠው አስተያየት ይልቅ ቀድሞ ያደረገው ነገር ወደፊት የሚያደርገውን የተሻለ ያመለክታልና። ብዙዎቻችን የምንደናገረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ የጻፈውን ሪፖርት አምስት ሰው ስሙን አስፍሮበት ሲያስረክብ፣ አራቱ ማርክ እንጂ ታሪክ አላገኙም።

ለመሆኑ ይህ የስንፍና ጉዳይ ብቻ ነውን? ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክሲሚሊየን ሪንገልማን ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን በኃይል መለኪያ ለክቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ውጤት መሠረት አንድ ሰው ብቻውን የሚስበው 100 ቢባል፣ ሁለት ሲሆኑ የእያንዳንዱ ድርሻ ወደ 93፣ ስምንት ሲሆኑ ደግሞ ወደ 49 ይወርዳል። ከፊሉ ጉድለት ጎታቾቹ እኩል ጊዜ አለመሳባቸው ያመጣው ነው። ሁሉም ግን በዚህ አይመካኝም፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ጥናት ዓይናቸው የተሸፈነ ተሳታፊዎች ብቻቸውን እየሳቡ ሳለ ሌሎች ከኋላቸው የሚያግዟቸው ሲመስላቸው ጉልበታቸውን ቀንሰዋል። ተስፋ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. የ1981 ጥናት ነው። በቡድን እንዲጮኹ የተደረጉ ሰዎች የእያንዳንዳቸው ድምፅ ለብቻ እንደሚለካ ሲያውቁ መለገማቸው ጠፋ።

እንግዲህ ለቃለ መጠይቁ መዘጋጀት የሚጀመረው በቃለ መጠይቁ ዋዜማ ሳይሆን በቤተ ሙከራ ነው እንላለን። ከእያንዳንዱ የቡድን ሥራ በኋላ ድርሻችንን፣ ያልተስማማንበትን ነገርና የተፈታበትን መንገድ በማስታወሻ ደብተር ላይ ማስፈር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ለምሳሌ አንዲት ተማሪ እንዲህ ልትመልስ ትችላለች፦ «አራት ሆነን የኮምጣጤን የአሲድ መጠን በታይትሬሽን ለካን። ንባቡን የምመዘግበው እኔ ነበርሁ። ሦስተኛው ንባብ ከሁለቱ ራቀ። ባልደረባዬ እንሰርዘው አለ፤ እኔ ቡሬቱን እንፈትሽ አልሁ። ጫፉ ላይ የአየር አረፋ አገኘንና ደገምነው።» እዚህ ውስጥ «ተግባቢ ነኝ» የሚል ቃል የለም፤ ጠያቂው ግን የሚፈልገውን ሰምቷል።

«እኔ» ማለት በእኛ አገር እንደ ትዕቢት ይቆጠራል የሚሉ አሉ። (እኛም ይህን ሁሉ «እኛ» እያልን መጻፋችን አልጠፋንም።) ነገር ግን በደቦ አጨዳ ማን የቱን ያህል እንዳጨደ ከኋላው የተከመረው ነዶ ይናገራል፤ ይህን ያየ ሰው አጫጁን ትዕቢተኛ አይለውም። የራስን ድርሻ ሳያሳንሱና የሌላውን ሳይወስዱ መናገር መመካት አይደለም። የሌላውን ሥራ የራስ አድርጎ ማቅረብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጠያቂው ሁለት ተከታይ ጥያቄ ሲያነሣ ይጋለጣል።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ጥያቄ አለን። በርካታ ሳይንሳዊ ጆርናሎች የእያንዳንዱን ጸሐፊ አስተዋጽኦ በ14 ዘርፎች ከፍሎ በሚያሳየው ክሬዲት በተሰኘው አሠራር ይጠቀማሉ። የእኛ የቡድን ሪፖርት ሽፋን ግን ስምና መታወቂያ ቁጥር ብቻ ይጠይቃል። 14ቱ ይቅሩ፤ ከስሙ ጎን «የሠራው ሥራ» የሚል አንድ ዓምድ ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ ቢጨመር ወጪው አንድ መስመር ማስመር ነው።