ስለ ተማሪ ልጆቻችንና ስለ መታሰቢያው ሰልፍ

ለሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

በጃንዋሪ ወር እዚሁ ዋሽንግተን በሚደረገው የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ሰልፍ ተማሪዎቻችን እንዲሰለፉ በስብሰባ ቢጠየቅ፣ አንዳንድ ወላጆች «የጥቁር አሜሪካኖች ጉዳይ ነው፣ እኛን አያገባንም፤ ልጄ ትምህርቱን ይማርበት» ብለው ተነሥተዋል። የትምህርቱን ነገር እንኳ ተዉት፤ ዕለቱ የመንግሥት በዓል ስለሆነ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ልጁ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ቴሌቪዥን ሊያይ ነው!

አያገባንም የተባለው ግን በዝምታ አይታለፍም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1924 የወጣው የኮታ ሕግ ለመላዋ ኢትዮጵያ የፈቀደው በዓመት 100 ሰው ነበር። መቶ! ዛሬ አንዱ ሠርጋችን ላይ ከዚያ የበለጠ ሰው ይበላል። ያንን የኮታ ሥርዓት የሻረው ሕግ የተፈረመው ኦክቶበር 3 ቀን 1965 ነው። ሰልማ ከተማ ድልድይ ላይ ሰልፈኞቹ በፖሊስ ቆመጥ የተደበደቡት በዚያው ዓመት ማርች 7 ቀን ነው። የዘር አድልዎ ይቅር ብለው እነሱ ባይጮኹ ማን በር ይከፍትልን ነበር? ደግሞስ ልጃችንን መንገድ ላይ የሚያስቆም ፖሊስ ሐበሻ ነው ብሎ ይለየዋል?

«ልጅ ምን ያውቃል» ላላችሁም፤ በሜይ 1963 በርሚንግሃም ከተማ ከክፍል ወጥተው የተሰለፉት ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች ናቸው። ውሻ ተለቀቀባቸው፣ በእሳት አደጋ ቱቦ ውኃ ተመቱ፣ ታሰሩ። የኛዎቹ የሚፈሩት ብርድ ብቻ ነው፤ ጃኬት አልብሷቸው።

ምዝገባው እስከ ቅዳሜ ነው። ወላጅም ይመዘገባል።

የማኅበሩ ጸሐፊ