ካልጨሰ አይሠራም?

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ዘይት ነው። ስለ ምግብ ዘይት እንዳይመስላችሁ፤ የእሱን ዋጋ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ባለፈው ሳምንት የድሮ ተማሪዬ የሚሠራበት ብረት ቤት ጎራ አልኩ። የመኪና ባሌስትራ አግለው፣ የብረት ፎርማ ላይ በማሽን እየመቱ መጥረቢያ ያወጣሉ። የጋለው ብረት ፎርማው ላይ እንዳይጣበቅ በየምቱ መሀል የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጣሳ ያርከፈክፋሉ። ቤቱ በጭስ ይሞላል። ልጁ ያስላል። ለምን ስለው "ቲቸር፣ ካልጨሰ እኮ አይሠራም" አለኝ።

ይሄን ልጅ ኬሚስትሪ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስለ ግራፋይት የነገርኩት ደግሞ "እርሳስ ውስጥ ያለው ነው፣ ለማለስለሻም ያገለግላል" ብዬ ነበር። አለቀ። ለፈተና ይበቃላ!

የሞተር ዘይት 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ የሚነድ ተን መስጠት ይጀምራል። እነሱ የሚመቱት ብረት ደግሞ 1000 ዲግሪ ገደማ የጋለ ነው። ስለዚህ ዘይቱ እዚያ ላይ ዘይት ሆኖ አይቆይም፣ ይነዳል። ሥራውን የሚሠሩት ተቃጥሎ የሚቀረው ጥቁር ካርቦንና ብረቱን ከፎርማው ገፋ የሚያደርገው ጋዝ ናቸው። ታዲያ የምንፈልገው ካርቦኑን ከሆነ ለምን በልጆቹ ሳንባ በኩል እናሳልፈዋለን? ያገለገለ ዘይት ውስጥ እኮ የሞተር ብረት ብናኝና ካንሰር የሚያመጡ ውህዶች አሉ።

ትልልቅ ፋብሪካዎች በውሃ የተበጠበጠ የግራፋይት ዱቄት ይረጫሉ። ፎርማው ቀድሞ ስለሚሞቅ ውሃው ይተናል፣ ስስ የግራፋይት ሽፋን ይቀራል። የካርቦን ንጣፎቹ እርስ በርስ የተያያዙት በደካማ ኃይል ስለሆነ ይንሸራተታሉ። "ግራፋይትስ አይነድም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ጎበዝ! አየር ባለበት ከ500 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይነዳል። ግን ምቱ ከሰከንድ ያነሰ ነው፣ ነዶ ለማለቅ ጊዜ አያገኝም። "የሪአክሽን ፍጥነት ምን ያደርግልናል?" ለሚሉኝ ተማሪዎች ከእንግዲህ ይሄን ነው የምነግራቸው።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን መስታወት ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ሴዡርኔ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹ፣ የጋለ ብረት በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ እንዲወጣ በመስታወት አለሰለሰው። መስታወቱ ብረቱን ሲነካ ይቀልጥና እንደ ማር ይሆናል፣ ሙቀቱም ወደ ፎርማው ቶሎ እንዳያልፍ ይከላከላል። ሲሊካ ከበዛበት የሚለሰልስበት ሙቀት ከፍ ይላል፣ ሶዳ ከተጨመረበት ዝቅ ይላል። በቃ፣ እንደ ወጥ ቅመም ይመጠናል። ይሄኛው ትልቅ መግፊያ ማሽን ላለው ነው፣ ለእኛ ሰፈር አይሆንም።

ግራፋይቱ ግን ይሆናል። ብናኙ እንዳይተነፈስ ደረቁን ሳይሆን በውሃ የተበጠበጠውን፣ ፎርማውን አሙቆ፣ በስሱ መርጨት ነው። ለባለቤቱ ይሄንኑ ነገርኩት። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ በደንብ አዳመጠኝ። ከዚያ "መምህር፣ የተቃጠለውን ዘይት እኮ ከጋራዥ በነጻ ነው የማመጣው" አለኝ። ለዚህ የሚሆን መልስ አላገኘሁም።

የግራፋይት ዱቄት በኪሎ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ዋጋውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ።