ጥቁር ቀበቶና የታክሲ ሰልፍ

ጉልበት ያለው ሁሉ ጀግና አይባልም። ይህን አባቶቻችን አሳምረው ያውቁት ነበር። እኛ የዛሬ ተማሪዎች ግን ዘመናዊ ነን እያልን ይህን ቀላል ነገር የዘነጋን ይመስላል። ለአባባላችን ምስክር የሚሆን ነገር ባለፈው ክረምት በጀሞ አይተናልና፣ አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ታገሠን።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ዝናቡ ያካፋል፤ ወደ ሜክሲኮ የሚሄደው የታክሲ ሰልፍ ተጠማዞ ከአስፋልቱ ወጥቶ ጭቃው ውስጥ ገብቷል። አንድ ጎልማሳ ሰው ከእኛ ፊት ሰልፉን ጥሰው ገቡ። በሳምንት ሦስት ምሽት ቴኳንዶ የሚለማመድ ጓደኛችን «ወደ ኋላ ይሂዱ» አላቸው፤ እሳቸውም በስድብ መለሱለት። ጓደኛችን አንድ ጊዜ ብቻ ረገጣቸው። ሰውየው ወደቁ፤ የያዙት ምሳ ዕቃ ተከፍቶ ሽሮው ከጭቃው ተቀላቀለ። እኛስ ምን አደረግን? «አቤት ርግጫ!» ብለን አደነቅን። ሰውየው ምንም ሳይናገሩ ባዶውን ምሳ ዕቃ አንሥተው ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄዱ። ያን ጠዋት ያሸነፈው ማን እንደ ሆነ በመካከላችን እስከ ዛሬ እንከራከራለን፤ ያፈርነው ግን ሁላችንም ነን።

ጓደኛችንን ጥበቡ ይህን አላስተማረውም። ጁዶን የመሠረተው ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሲከፍት፣ እንደ እኛ ዕድሜው ከሃያ ጥቂት ዘለል ያለ፣ ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣ ወጣት ነበር። ትምህርቱንም በሁለት ሐሳብ ጠቀለለው፤ አንደኛው ኃይልን ሳያባክኑ ለመልካም ነገር ማዋል፣ ሁለተኛው ራስንና ሌላውን አብሮ ማሳደግ ነው። ካራቴን እ.ኤ.አ. በ1922 ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ ወስዶ ያሳየው ጊቺን ፉናኮሺም የትምህርት ቤት መምህር ነበር። እርሱም ልምምዱ በእጅ መንሣት ተጀምሮ በእጅ መንሣት እንዲያልቅ፣ ካራቴ ያወቀም ሰው ቀድሞ እንዳይመታ አስተማረ። እንግዲህ ሁለቱም አስተማሪዎች እንጂ የሰፈር ጉልበተኞች አልነበሩም።

ይህ ጥበብ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ከተሻገረ ወዲህ፣ በዚያ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ለቢሮ ሥራቸውና ለቤት ኑሯቸው መመሪያ አድርገውታል። እኛስ? የጀሞ ኑሯችን መልኩ ከምዕራቡ የተቀዳ ነው፤ ደረጃውን በእግር የሚወጡት ኮንዶሚኒየም፣ ስሙን የማናውቀው ጎረቤት፣ በሰዓት የታሰረ ሥራ። ቤቱን ወሰድን፤ በቤቱ ውስጥ አብሮ የሚያኖረውን ጠባይ ግን ከየትም አላመጣንም፤ የራሳችንንም በቀድሞው ሰፈር ትተነው መጣን። ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫ ተነሥቶ «ኖር!» ማለት፣ የገባውም «በእግዜር!» ብሎ መመለስ ወጋችን አልነበረምን? ተለማማጁ ምንጣፉን ከመርገጡ በፊት የሚነሣው እጅ ከዚህ በምን ይለያል?

ስለዚህ ጥበቡ ከአዳራሹ ወጥቶ ደረጃው ላይ ይታይ እንላለን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን ይዘው አራተኛ ፎቅ የሚወጡ እናት ሲገጥሙን፣ ተቀብሎ መሸከም ከመቶ ርግጫ የበለጠ ልምምድ ነው። ጀማሪ ተለማማጅ አዳራሹን እንደሚጠርግ ሁሉ፣ የጋራውን ደረጃ መጥረግ ለተማሪ ነውር ሊሆን አይገባም። ራስንና ሌላውን አብሮ ማሳደግ የተባለውም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ደቦና ዕድር ብለን ስም ካወጣንለት ቆይቷል።

አንዳንዶች «ይህ የባዕድ ነገር ነው» ይሉናል። ቴኳንዶ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ከዚያ 4 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1943 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘምቷል። በየተራ ከዘመቱት ከ6000 በላይ ኢትዮጵያውያን መካከል ከደመወዛቸው አዋጥተው ወላጅ ላጡ የኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ ያቋቋሙ ነበሩ። ጉልበትና ርኅራኄ በአንድ ሰው ውስጥ መኖር እንደሚችሉ ከኮሪያ አልተማርንም፤ እዚያው ኮሪያ ላይ አሳይተናል።

ሌሎች ደግሞ «ራስን መግዛት ማለት በደልን ችሎ ዝም ማለት ነው» ይላሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ታጋሽ ሕዝብ የሚረገጥበት ጊዜ መኖሩን አንክድም። ነገር ግን ቀድሞ አለመምታትና አለመናገር ለየቅል ናቸው። ሰልፍ የጣሰውን ሰው ሃያ ሰው በአንድ ድምፅ «ተራዎን ይጠብቁ» ቢለው ርግጫ ባላስፈለገ ነበር። ጓደኛችን የረገጠው እኛ ሁላችን ዝም ስላልን ጭምር ነው።

ነገሩ ከታክሲ ሰልፍም ያልፋል። በ2012 ዓ.ም. በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች መካከል በተነሣ ግጭት ተማሪዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ሊማሩ ሄደው አስከሬናቸው ለወላጅ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቃልና በአንድ ግፊያ ይጀምራል፤ ቆሞ የሚያደንቅ ካገኘ ደግሞ የሚያቆመው የለም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ችኩል ተማሪ ግን የሚነክሰው ወንድሙን ነው።

እንግዲህ ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በግቢው ውስጥ ለወንዱም ለሴቷም የሚሆን የምሽት ልምምድ ይክፈት። ሁለተኛ፣ ከአዳራሹ ውጭ ቀድሞ የመታ ቀበቶውን አስረክቦ ከነጭ ይጀምር። ሦስተኛ፣ በመኝታ ክፍሎች ጠብ ሲነሣ ለመገላገል የመጀመሪያ ኃላፊነት የተለማማጆቹ ይሁን።

ጓደኛችን ቀበቶውን በገዛ ፈቃዱ ፈትቷል፤ ሰውየውን ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ጠዋት በዚያ ሰልፍ ላይ ፈልጓቸው አላገኛቸውም። እኛም አብረነው እንፈልጋለን። እስከዚያው ድረስ ግን፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ነገ ጠዋት በሰልፉ ላይ ከፊታችን የሚቆመው ሰው ሁሉ እሳቸው እንደ ሆኑ አድርገን እንቁጠር።