መኪና የት ይደር?

ስለ ከተማ መንገድ መጨናነቅ በተነሣ ቁጥር የሚወቀሰው የሚሄደው መኪና ነው። እኔ ግን ስለቆመው መኪና ጥቂት ልናገር እወዳለሁ፤ መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ቆሞ ነውና። ዛሬ የሚወጣው የማቆሚያ ደንብ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ሕዝቡ በምን እንደሚጓዝ ይወስናል ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ሁለት አገሮችን በምስክርነት አቀርባለሁ።

የመጀመሪያዋ አሜሪካ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አብዛኞቹ ከተሞቿ ቤት ወይም ሱቅ የሚሠራ ሁሉ የመኪና ማቆሚያ አብሮ እንዲሠራ በደንብ አስገደዱ። ሐሳቡ ለመልካም ነበር። ነገር ግን ማቆሚያው በሰፋ ቁጥር ቤትና ሱቅ ተራራቁ፤ በእግር መሄድም አስቸገረ፤ ስለዚህ መኪና ያልነበረውም ለመግዛት ተገደደ። ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ነፃ የሚባለው ማቆሚያ ዋጋው በቤት ኪራይና በሸቀጥ ላይ ስለሚጨመር መኪና የሌለውም ሰው ይከፍለዋል። ካሊፎርኒያ በዋና ዋና የሕዝብ ማመላለሻ ጣቢያዎች አቅራቢያ ይህን ግዴታ በሕግ ያስቀረችው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

ሁለተኛዋ ጃፓን ናት። እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው ሕግ መሠረት፣ በከተማ መኪና የሚገዛ ሰው የሚያሳድርበት ቦታ እንዳለው ከፖሊስ ማስረጃ ማግኘት አለበት፤ ቦታውም ከቤቱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። መንገድ ላይ ማሳደር ክልክል ነው። ዛሬ በቶኪዮ ለሁለት ቤተሰብ አንድ መኪና እንኳ አይደርስም። በእርግጥ የባቡሩ መልካምነት ትልቅ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን መንገዱ የመኪና ማደሪያ አለመሆኑም የራሱ ድርሻ አለው።

መኪና ያላቸው ወላጆች «ታዲያ የት እናቁም?» ይሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የምቃወመው ማቆሚያን ሳይሆን በነፃ መሰጠቱን ነው። አንድ መኪና ለመቆም 12 ካሬ ሜትር ያህል ይይዛል፤ ይህም አንድ ክፍል ቤት ማለት ነው። አብዛኛው የአዲስ አበባ ሕዝብ በእግሩና በሕዝብ ማመላለሻ እየሄደ፣ የጋራውን መሬት ለጥቂቶች መኪና በነፃ መስጠት ትክክለኛ ፍርድ አይመስለኝም። ቦታ የያዘ ኪራይ ይክፈል፤ ገንዘቡም ለእግረኛ መንገድና ለአውቶቡስ ይዋል።

አንባቢ ሆይ! አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። መኪናው ከዚህ ይልቅ ሳይበዛ ደንቡን ማበጀት ይቀላል፤ ሰው አንድ ጊዜ የለመደውን ግን መልሶ መንሣት ከባድ ነው።