ከባትሪው በፊት ማሳውን እንይ

በዚህ ወር አምዳችን በብዙ ቤተሰብ ደጃፍ ቆሞ ስለሚገኘው ያረጀ መኪና፣ በተለይም ስለ ኤሌክትሪኩ ብልሽት እንነጋገራለን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እናም ቮልስ ወይም ዲኤክስ ያለው አባወራ መኪናውን የሚለውጥበት ቀን ርቋል፤ ያለውን እየጠገነ መኖር ግድ ሆኖበታል።

ምሳሌያችንን ከቮልስ እንውሰድ። ይህች መኪና እ.ኤ.አ. በ2003 የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ወጣቶቻችን በፎቶግራፍ የሚያደንቋቸው አሮጌ የስፖርት መኪኖችም ዘመዶቿ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 የጀመረው ፖርሽ 356 በቮልስ ዕቃዎች የተነሣ ሲሆን፣ በ1955 የወጣው ካርማን ጊያ ደግሞ ቮልስ ሌላ ልብስ ለብሳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአንዱ የኤሌክትሪክ በሽታ የሌላውም በሽታ ነው።

የዛሬ መኪና ሲታመም ኮምፒውተሩ ይጠየቃል። አሮጌው መኪና ግን የሚጠየቅ ኮምፒውተር የለውም፤ ያለው ሽቦ፣ ማብሪያ፣ ፊውዝና የራሱ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮውን ከኤሌክትሪክ ዕቃዎች ጋር መቁጠራችን የሚያስገርመው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሣው ኤሌክትሪክ በሽቦ ተጉዞ አምፖሉ ዘንድ ይደርስና ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው በሌላ ሽቦ ሳይሆን በመኪናው አካል በኩል ነው። ጋራዦች ማሳ የሚሉት ይህንኑ የመመለሻ መንገድ ነው። በገጠራችን የውኃ ወፍጮ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። ውኃው የሚገባበት ቦይ ቢሞላም እንኳ የሚወጣበት ከተደፈነ ድንጋዩ አይዞርም።

አሮጌ መኪና ላይ የሚደፈነው ብዙውን ጊዜ ይህ መውጫ ነው። የምዕራብ ጎጃም ክረምት ረጅምና ዝናባማ ነው፤ ጭቃው ከሥር ይለጠፋል፣ ብሎኑ ይዝጋል፣ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ላይ የታሰረ ማሳም መያዙን ያቆማል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ፍሬቻ ሲበራ የኋላ መብራቱ አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ፍሬን ሲረገጥ ሌላው መብራት ይደበዝዛል። ክላክሱ መሪው ወደ አንድ በኩል ሲዞር ብቻ ይጮኻል። ሁለት ዕቃዎች በአንድ ጊዜ ሲያብዱ ሁለቱም ተበላሽተዋል ብሎ ከማሰብ በፊት የጋራ ማሳቸውን ማየት ይገባል።

ቡሬ ውስጥ የምናውቃቸው አንድ አዛውንት ቮልሳቸው ጠዋት ጠዋት አልነሣ ብላ አስቸገረቻቸው። አንድ ጋራዥ ባትሪ አስገዛቸው፤ ሳይቆይ ሌላ ባትሪ፤ ቀጥሎም ሞተሪኖ ይለወጥ ተባለ። በመጨረሻ ሙያውን በቅርቡ የተማረ አንድ ወጣት ጠሩ።

«ሐጂ፣ ሞተሪኖው እኮ ጤነኛ ነው» አላቸው።

«ታዲያ ሁለት ባትሪ የበላው ምንድን ነው ልጄ?»

«ቆይ፣ ከሥር ገብቼ ልይልዎት።»

የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ በጎማ ላይ ስለሚቀመጡ ከመኪናው አካል ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኛቸው አንድ ጠፍጣፋ የተጎነጎነ የሽቦ ገመድ ነው። ያ ገመድ አረንጓዴ ሆኖ ተበጣጥሶ ተገኘ። ሞተሪኖው መመለሻ ሲያጣ በቀጭኑ የነዳጅ መስጫ ሽቦ በኩል ይመለስ ስለነበር ሽቦው ሲነካ ይፋጅ ነበር። ወጣቱ አዲስ ገመድ አምጥቶ የሚታሰርበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ አሰረው፤ መኪናዋም ተነሣች። መለካት እየቻሉ ሳይለኩ ሰውን ዕቃ ማስገዛት አማናን መብላት ነው እንላለን፤ ከዚህ የቀለለ ስም አላገኘንለትም።

መለኪያውም ውድ አይደለም። ትንሿ መልቲሜትር በቂ ናት። ወደ 20 ቮልት ዲሲ ትዞርና፣ መኪናው ካረፈ በኋላ ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየች ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ወደ ግማሽ ወርዷል። ሞተሩ ተነሥቶ መጠነኛ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 ካነበበች ዲናሞው እየሞላ ነው። ቀጥሎ ያለው ጋራዦች የሚዘሉት ነው። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርገን ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙርልን። ሞተሪኖው ሲዞር ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበብን ማሳው ታሟል። በፖዘቲቩ በኩልም ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ድረስ እንዲሁ ይለካል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ ቮልሶች ብዙዎቹ 6 ቮልት ስለሆኑ ለእነርሱ ቁጥሮቹን በግማሽ መውሰድ ነው።

ሌሊት ባትሪ የሚጨርስ መኪናም መድኃኒት አለው። የኔጋቲቩን መቆንጠጫ ፈትቶ በመቆንጠጫውና በእርሳሱ መካከል ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል ማገናኘት ነው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ በሮች ተዘግተው አምፖሉ ከበራ አንድ የሚጠጣ ነገር አለ ማለት ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ሲነቅሉ አምፖሉ የጠፋበት ፊውዝ መስመሩን ይነግረናል። በዚህ ጊዜ ግን ሞተር ለማስነሣት መሞከር አይገባም።

በመንገድ ላይ ደግሞ በቮልስ ዳሽቦርድ ቀይዋ የቻርጅ መብራት ከበራች «ባትሪው አይሞላም፣ ቤት ገብቼ አየዋለሁ» ብሎ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም መንዳት ከባድ ጥፋት ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም አየር መንፊያ ያዞራል። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ ያለ ማቀዝቀዣ እየነደደ ነውና ወዲያው ዳር ይዞ ማቆም ነው።

ወደ እሳት ከመጣን ስለ ፊውዝም እንናገር። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልለው የሚመልሱ አሉ። ፊውዝ የሚጠብቀው መብራቱን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ ወረቀቱ አይቃጠልም፣ በምትኩ ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለው ሽቦ ይቃጠላል። ደጋግሞ የሚቃጠል ፊውዝ ቆርቆሮ የነካ ሽቦ እንዳለ እየነገረን ነው። ደግሞም የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ልጆቻችን ከሚቀመጡበት የኋላ ወንበር ሥር ነው። ክዳኑ ከጠፋና ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ፖዘቲቭ ከነካ ብልጭታው የወንበሩን ሙሊት ያቀጣጥላል። ወንበሩን ዛሬውኑ አንሥቶ ማየት፣ ክዳን ከሌለው ወፍራም ጎማ ወይም ፕላስቲክ በልኩ ቆርጦ ባትሪውን ማልበስና እንዳይንሸራተት በማሰሪያው ማጥበቅ ነው።