ፖሊሲው አፍንጫ ላይ ቆሟል፦ ወቅታዊ አለርጂና የፍሌሚንግደን ፓርክ ነዋሪዎች ሳንባ

በኦንታሪዮ የጤና ፖሊሲ ዓይን የአበባ ብናኝ አለርጂ የአፍንጫ ጉዳይ ነው። ያስነጥሳል፣ ዓይን ያሳክካል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚሸጥ ክኒን ይታገሣል፣ ውርጭ ሲወርድ ይተዋል። የመድኃኒት ሽፋኑ፣ የአየር ጥራት መረጃው፣ የአረም ሕጉ ሳይቀር በዚህ ግምት ላይ ተገንብተዋል። ግምቱ ግን ሐሰት ነው። ብናኙ የሚያስከትለው ሕመም ከጉሮሮ በታች ይወርዳል፤ ለብዙዎችም አስም ይሆናል። ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ግምቱን ያጸደቁት ሰዎች አይደሉም፤ እንደ ፍሌሚንግደን ፓርክ ባለ ሰፈር በኪራይ ፎቅ የሚኖሩ፣ ከአሠሪ የጤና መድን የማያገኙ ሠራተኞች ናቸው።

አፍንጫና ሳንባ የአንድ መተላለፊያ ሁለት ክፍሎች መሆናቸው አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በመተባበር የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ሁለቱን ሕመሞች በአንድነት መመርመርና ማከም እንደሚገባ አስገንዝበዋል። አስም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የአፍንጫ አለርጂም አለባቸው፤ የአፍንጫ አለርጂ ካለባቸው መካከልም ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት አስም እንዳለባቸው ይገመታል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ደረቅ ሣል፣ ደረጃ ሲወጡ የሚያጋጥም የደረት መጨናነቅ፣ ሲተነፍሱ የሚሰማ ሲርሲርታ በየዓመቱ በዚያው ወር የሚመለስ ከሆነ ጉንፋን ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

«ብናኙ ትልቅ ነው፤ ሳንባ አይደርስም» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ግማሹ እውነት ነው። የራግዊድ ብናኝ 20 ማይክሮን ያህል፣ የሣር ብናኝ ደግሞ ከ30 ማይክሮን በላይ ስፋት አለው፤ ይህን የሚያህል ቅንጣት በአብዛኛው አፍንጫ ላይ ይቀራል። ሆኖም የሣር ብናኝ በዝናብ ውኃ ሲርስ አብጦ ይፈነዳል፤ ከአንዷ ቅንጣትም አለርጂ ቀስቃሹን ፕሮቲን የተሸከሙ 700 ያህል ደቃቅ የስታርች ፍሬዎች ይበተናሉ። ስፋታቸው ከ3 ማይክሮን በታች ስለሆነ እስከ ቀጫጭኖቹ የሳንባ ቧንቧዎች ይዘልቃሉ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 2016 በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን የሆነው ይኸው ነበር። ነጎድጓዳማ ዝናብ የሣር ብናኝ በበዛበት ቀን ወረደ፤ በመተንፈስ ችግር ወደ ሆስፒታል የመጡት ሰዎች ከወትሮው ከ3,000 በላይ በለጡ፤ 10 ሰዎችም ሞቱ። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ከዚያ ቀን በፊት አስም አለባችሁ ተብለው አያውቁም፤ የነበረባቸው «የአፍንጫ» አለርጂ ብቻ ነበር። ከእስያ የመጡ ስደተኞችም ከቁጥራቸው በላይ ተጎድተዋል።

አፍንጫ ላይ የቀረውም ብናኝ ቢሆን በዚያው አይወሰንም። አለርጂ ቀስቃሹ አፍንጫቸው ላይ ብቻ በተደረገላቸው ሰዎች ሳንባ ውስጥ፣ በ24 ሰዓት ጊዜ፣ የብግነት ምልክት እንደሚታይ በሙከራ ተረጋግጧል። ብግነቱ በደም ይጓዛል።

አሁን ይህ እውቀት ወደ ፍሌሚንግደን ፓርክ ይምጣ። በ1960ዎቹ ከተገነቡት ፎቆች በአንድ ወገን የዶን ቫሊ አውራ ጎዳና፣ ከሥሩም የዶን ወንዝ ሸለቆ ይገኛል፤ በሰፈሩ መካከል የኤሌክትሪክ ከፍተኛ መስመር የተዘረጋበት ሰፊ ሜዳ ያልፋል። በስተሰሜን በኩል ኤግሊንተን ጎዳና ከ2011 ጀምሮ ለዓመታት ለባቡር መስመር ሲቆፈር ነበር። ራግዊድ የሚወደው እንዲህ ያለውን የተገላበጠ አፈር፣ የመንገድ ዳርና ጠፍ መሬት ነው። የመኪናው ጭስም ለብቻው የሚቆም ጉዳት አይደለም። በቫንኩቨር የተካሄዱ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ የናፍጣ ጭስ ከአለርጂ ቀስቃሽ ጋር ሲተነፈስ በታችኛው የአየር ቧንቧ ውስጥ የሚፈጠረው ብግነት ቀስቃሹ ብቻውን ከሚያስከትለው ይከፋል። ማቀዝቀዣ በሌለው አፓርታማ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት መስኮት ዝጉ ብሎ መምከር ደግሞ ምክር ሳይሆን ቀልድ ነው።

ወቅቱም እየረዘመ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2009 በሰሜን አሜሪካ በተደረገ ክትትል የራግዊድ ወቅት ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥር ይበልጥ መርዘሙ ታይቷል፤ በሳስካቱን ጭማሪው ወደ 27 ቀናት ደርሷል።

በዚህ ሰፈር የሚበዙት ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ናቸው፤ አለርጂውም ከመጡ ከዓመታት በኋላ ስለሚጀምር ለመታወቅ ይዘገያል። «አገር ቤት እያለሁ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረብኝም» የሚለው ቃል ለሐኪም ጥርጣሬ ሳይሆን ፍንጭ ሊሆን ይገባ ነበር። ኢትዮጵያውያን በዚህ ረገድ የታወቀ ምሳሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የጅማ ጥናት አስም በከተማው ከገጠሩ ይልቅ እንደሚበዛ አሳየ። በ1999 ደግሞ ወደ እስራኤል በፈለሱ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ያልተለመደ ከፍተኛ የአስም ስርጭት መገኘቱ ተዘገበ። ሰው ሲፈልስ ሳንባውም አዲስ አየርና አዲስ አረም ይገጥመዋል። (አረሙ ፈጽሞ ባዕድ ላይሆንም ይችላል፤ በወሎና በሐረርጌ ገበሬውን ያስመረረው ቅንጬ አረም የራግዊድ የሥጋ ዘመድ ነው፤ የአንዱን ብናኝ የለየ ሰውነት የሌላውንም ሊለይ ይችላል።)

በቶሮንቶ ራግዊድ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ አየሩን ይሞላል፤ እንቁጣጣሽ ሲከበር ገና አልረገበም። በሐሚልተን የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ በካናዳ በአስም ሆስፒታል የሚገቡ ሕፃናት ቁጥር በየዓመቱ ጣራ የሚነካው ትምህርት በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ዋናው ቀስቃሽ ከክፍል ክፍል የሚዛመተው የጉንፋን ቫይረስ እንደሆነ አይካድም። ነገር ግን ቫይረሱ የሚያርፈው በብናኝ አስቀድሞ በቆሰለ፣ የመከላከያ መድኃኒቱም በእረፍት ወራት በተቋረጠበት የአየር ቧንቧ ላይ ነው። የሕፃናቱ ቫይረስ ወላጆችንም አይምርም።

ክርክሩ የሚከርረው እዚህ ላይ ነው። ከ2019 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ አዋቂዎችንና ታዳጊዎችን ቧንቧ በሚከፍተው ሰማያዊ ፓፍ ብቻ ማከምን አይመክርም፤ ብግነቱን የሚያበርድ፣ የሚተነፈስ ስቴሮይድ ያስፈልጋል። ይህንን በኦንታሪዮ ማን ያገኛል? ዕድሜው ከ25 በታች የሆነና የግል መድን የሌለው ወጣት ያገኛል። 65 ዓመት የሞላውም፣ የማኅበራዊ ድጎማ ተቀባዩም ያገኛል። ቀን መጋዘን፣ ማታ ታክሲ ላይ የሚሠራው የ40 ዓመት አባት፣ ቢሮ የምታጸዳው እናት ግን ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። የ2015ቱ የራያን ሕግ ተማሪ ፓፉን ይዞ ክፍል እንዲገባ መብት ሰጠ፤ ተገቢ ሕግ ነው። ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የምታደርሰው እናት ፓፏን በምን እንደምትገዛ የሚናገር ሕግ ግን የለም።

ለእነርሱ ትሪሊየም የተባለ ፕሮግራም አለ የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ በስሌት ይፈተን። ፕሮግራሙ ከመርዳቱ በፊት ቤተሰቡ ከተጣራ ገቢው 4 በመቶ ያህሉን በየሩብ ዓመቱ እየከፈለ መጨረስ አለበት። 50,000 ዶላር ለሚያገኝ ቤተሰብ ይህ በዓመት 2,000፣ በሩብ ዓመት 500 ዶላር መሆኑ ነው። የአንድ ሰው የአስም መድኃኒት ወጪ ብቻውን ከዚያ ላይ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ በወረቀት አለ፣ በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የለም። የፕሮግራሙ ዓመት የሚጀምረውም ነሐሴ 1 ነው። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ከራግዊድ ወቅት ጋር ልክክ ብሎ ይገጥማል፤ ድሀው ሳንባ በሚታመምበት ወር ሂሳቡ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ጥቅምት 10 ቀን 2024 የጸደቀው የፌዴራል የመድኃኒት ሽፋን ሕግም በመጀመሪያ ምዕራፉ የወሊድ መከላከያንና የስኳር በሽታ መድኃኒትን እንጂ አስምን አልነካም።

«ገንዘብ ከየት ይምጣ?» ለሚል፦ ገንዘቡ አሁንም እየወጣ ነው። ያው ሕመምተኛ መተንፈስ አቅቶት ድንገተኛ ክፍል ሲገባ መንግሥት ሙሉውን ይከፍላል። ለአደጋው የሚከፍል፣ ለመከላከያው ግን የማይከፍል ሥርዓት ቆጣቢ ሊባል አይችልም።

የአረሙ ሕግ ነገር ደግሞ ያስተዛዝባል። ኦንታሪዮ ራግዊድን በጎጂ አረሞች ዝርዝር ውስጥ አስገብታለች፤ ነገር ግን ሕጉ ከእርሻ መሬት ርቆ ሰብል የማይጎዳውን አረም ከግዴታው ነጻ ያደርጋል። በሕጉ ፊት በቆሎ የሚጎዳ ራግዊድ ጎጂ ነው፤ ከፎቅ ሥር በቅሎ ሰው የሚያሳምም ግን አይደለም። የአየር ጥራት የጤና መለኪያውም እንዲሁ ኦዞንን፣ ደቃቅ ብናኝንና ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድን ይቆጥራል፤ የአበባ ብናኝን አይጨምርም። ያንን በዋነኛነት የሚቆጥረው የግል ላቦራቶሪ ነው።

በኩዊንስ ፓርክ የምክር ቤት አባላትን የሚያማክሩ ሠራተኞች አዲስ ተቋም እንዲያቋቁሙ አልተጠየቁም። የሚተነፈስ ስቴሮይድ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 64 ለሆነና መድን ለሌላቸው ሰዎች ያለ ቅድመ ክፍያ እንዲሸፈን በደንብ ማሻሻያ ሊደረግ ይችላል። በአረም ሕጉ ውስጥ «ሰብል» ከሚለው ቃል አጠገብ «የሰው ጤና» የሚል ሐረግ ሊገባ ይችላል። የብናኝ ቆጠራም በሕዝብ ገንዘብ ተገዝቶ፣ በኡርዱ፣ በዳሪ፣ በአማርኛና ሰፈሩ በሚናገራቸው ሌሎች ቋንቋዎች በየፎቁ መግቢያ ሊለጠፍ ይችላል። የመድኃኒቱ ማሻሻያ ግን ሌሎቹን መጠበቅ የለበትም፤ ከሚቀጥለው ነሐሴ 1 በፊት ሥራ ላይ ሊውል ይገባል።