የአብራሪዎች የጡረታ ዕድሜና የማኅበር ውክልና፦ የብዙኃን ድምፅ ብቻውን ይበቃልን?

የሠራተኛ ማኅበር ለአባላቱ ሁሉ እኩል ይቆማል ሲባል የአባላቱ ጥቅም አንድ እንደሆነ ይታሰባል። ጥቅማቸው እርስ በርስ ሲጋጭ ግን ማኅበሩ የማን ወኪል ነው? በአሜሪካ የአየር መንገድ አብራሪዎች የግዴታ ጡረታ ላይ ከስድሳ ዓመታት በላይ የዘለቀው ክርክር ይህን ጥያቄ አጉልቶ ያሳያል።

የአገሪቱ አቪዬሽን ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ደንብ 60 ዓመት የሞላቸው አብራሪዎች የአየር መንገድ አውሮፕላን እንዳያበሩ ከለከለ። የአየር መንገድ አብራሪዎች ማኅበር (አልፓ) ደንቡን በፍርድ ቤት ቢሞግትም አልተሳካለትም። በ1980 ግን አቋሙን ለውጦ የዚያው ደንብ ጠበቃ ሆነ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2006 ጣሪያውን ወደ 65 ከፍ ካደረገ በኋላ፣ ማኅበሩ በ2007 እንደገና አቋሙን ቀየረ፤ ኮንግረስም በዚያው ዓመት 65ን ሕግ አደረገ። በ2023 የተወካዮች ምክር ቤት ዕድሜው 67 እንዲሆን ሲወስን ማኅበሩ ተቃወመ፤ በ2024 የወጣውም ሕግ 65ን ሳይነካ አለፈ።

በአደባባይ የሚነሣው ክርክር የበረራ ደኅንነት ነው። በማኅበሩ ውስጥ ያለው የአባላት ሙግት ግን በአመዛኙ የተራ ሙግት ነው። አንድ አብራሪ የሚያበረው የአውሮፕላን ዓይነት፣ የሚመደብበት መስመርና የዕረፍት ቀኑ የሚወሰኑት በአገልግሎት ቅድሚያ ነው፤ ገቢውም ይህንኑ ይከተላል። አንጋፋው ካፒቴን አምስት ዓመት ሲጨመርለት ከበታቹ የተሰለፉት ባሉበት ይቆያሉ። በሌላ በኩል ዩናይትድ አየር መንገድ በኪሳራ ሂደት ላይ ሳለ የጡረታ ዕቅዶቹ በ2005 ወደ መንግሥታዊው የጡረታ ዋስትና ድርጅት ሲተላለፉ፣ በርካታ አብራሪዎች የጠበቁትን አበል አጥተዋል። ለእነዚህ አንጋፋዎች ተጨማሪ የሥራ ዓመት የኑሮ ጉዳይ ነበር።

ማኅበሩ በብዙኃኑ ፍላጎት ቢመራ ምን ነውር አለው የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1991 በዚሁ ማኅበር ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ የማኅበሩ ተግባር ግዴታን ጣሰ የሚባለው ዘፈቀዳዊ፣ አድሏዊ ወይም ቅን ልቦና የጎደለው ሲሆን ብቻ መሆኑን አረጋግጧል። ይህ ግን የሕግ ዝቅተኛ መለኪያ እንጂ የፍትሐዊነት ማረጋገጫ አይደለም። የ2007ቱ ሕግ ከመጽደቁ ጥቂት ቀደም ብለው 60 ሞልቷቸው ከሥራ የተሰናበቱ አብራሪዎች መመለስ የሚችሉት የቀድሞ ቅድሚያቸውን ትተው እንደ አዲስ ተቀጣሪ ብቻ ነበር። ወጣቶቹም ወዲያው በተከተለው የ2008 የኢኮኖሚ ቀውስ ላይ የዕድገት መዘግየት ተደረበባቸው። «ወጣቱ የዘገየበትን በስተመጨረሻ ያገኘዋል» የሚለው ማጽናኛም ለሁሉም አይሠራም፤ ከ40 ዓመት በኋላ ካፒቴኑ የጤና ማረጋገጫውን በየስድስት ወሩ ያድሳልና፣ ጤናው የከዳው የተባለለትን ዓመት አይደርስበትም።

የ2023ቱ የማኅበሩ ተቃውሞ ተጨባጭ ምክንያት ነበረው። የዓለም አቀፉ ጣሪያ 65 ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ ያለፉ አብራሪዎች ከአገር ውጭ መብረር ስለማይችሉ ወደ አገር ውስጥ መስመሮች መዛወራቸው ሌሎችን ያፈናቅላል። ሆኖም አቋሙን ደጋግሞ የቀየረ ማኅበር በደኅንነት ስም ሲናገር፣ አባላቱ ከቃሉ በስተጀርባ የተራ ስሌት ቢጠረጥሩ አይፈረድባቸውም።

ስለዚህ ማኅበሩ አባላቱን ድምፅ ከማስጠየቁ አስቀድሞ እያንዳንዱ አማራጭ በየዕድሜ ክልሉ ማንን እንደሚጠቅምና ማንን እንደሚጎዳ አስልቶ ይፋ ማድረግ፣ የደኅንነቱን ማስረጃም ከጥቅም ክርክሩ ለይቶ ማቅረብ ይገባዋል። ከውሳኔው በኋላም ለተሸነፈው ወገን በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ የመሸጋገሪያ ጥበቃ መደራደር አለበት። ተራው ስንት ዓመት እንደሚገፋ የሚወስን አካል ተራው ያለፈባቸውም ወኪል ነውና።